ስሚንቶ የለበሰው ግድግዳ

«አንቺ ልጅ፣ ምላስ ግድግዳ አይደግፍም። ዝም በይ።»

ይህን ያሉኝ አያ ቸኮል ናቸው። አያ ቸኮል አናጢ ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም ዳር እኛ ሰፈር ካለው ቤት ግማሹን ያቆሙት እሳቸው ናቸው፣ የኛንም ጭምር። የተናገሩኝ ደግሞ ለብቻዬ አይደለም። በእማማ ውዴ ጓሮ፣ ስምንት ዘጠኝ ጎረቤት በቆመበት፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በምታይበት ነው። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ዝም አላልሁም።

ያኔ ማን እንደነበርሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ አንዷን ደንበኛ «ይሄ ቀለም አያምርብሽም» ስላልኋት ተባረርሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት አቃተኝና በራሴ ወጣሁ። ሰፈሩ «የይታይሽ እግር መሬት አይረግጥም» ይለኛል። እጄ ግን ቦዝኖ አያውቅም። የተጣለ ቆርቆሮ አጥፌ አሸንዳ እሠራለሁ፣ የተንጋደደ በር አቃናለሁ፣ ሰው ጓሮ ገብቼ «ይሄ እዚህ ቢተከል፣ ያ ወደዚያ ቢዞር» እላለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

እማማ ውዴ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ልጅ አላቸው፤ አስማማው ይባላል፣ ቡሬ እህል ይነግዳል። ከዚያ ነገር ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ እናቱን ላክብር ብሎ የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳ በውጪ በኩል ዙሪያውን በስሚንቶ አስለሰነው። የለሰኑት አያ ቸኮል ናቸው። እኛ ዘንድ መስከረም በመጣ ቁጥር ግድግዳ በጭቃና በእበት መለቅለቅ የሌለው ሰው ሥራ ነው። ስሚንቶ የለበሰ ቤት ግን ልጅ የደረሰለት ሰው ቤት ነው። እማማ ውዴ ያን ሰሞን መንገደኛውን ሁሉ እየጠሩ ሲያሳዩ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የጓሮው ግድግዳ ሆዱን ነፋ። ልስኑ ተሰነጠቀ። ውስጡ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ እማማ አልጋቸውን ሁለት ጊዜ አዛውረዋል። አስማማው ይህን ሰምቶ ያን ዕለት ጠዋት ከቡሬ መጣ፣ አያ ቸኮልም ተጠሩ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ፈረዱ።

«ምስጥ ነው። ቋሚው አልቋል። ሳይጫናቸው ይውጡ፤ በበጋ አፍርሰን በብሎኬት እንሠራዋለን።»

«እኔ ዘንድ ትሄዳለች» አለ አስማማው።

እማማ ውዴ ደጃፋቸው ላይ ካለው ድንጋይ ሳይነሱ መለሱለት። «ያንተን ቤት አየሁት እኮ። ፎቅ ላይ። ዶሮ የለ፣ ጎመን የለ፣ እንዴት አደርሽ የሚል ሰው የለ። ቴሌቪዥኑ ብቻውን ሲያወራ ይውላል። እኔን ከዚህ ካነሳኸኝ አልከርምልህም።»

«እማ፣ ታዲያ ግድግዳው ይጫንሽ?»

ይሄኔ ነው እኔ «ምስጥ አይደለም፣ ውሃ ነው» ያልሁት። አያ ቸኮልም ስለ ምላሴ ያሉትን አሉኝ። ከኋላ አንዷ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ስትል ሰማኋት።

«ማድ ቤቱን እዩት» አልሁ። ከትልቁ ቤት አሥር እርምጃ ይርቃል። «ይሄ ማድ ቤትና ትልቁ ቤት በአንድ ሰሞን የቆሙ ናቸው። ማድ ቤቱን ስሚንቶ አልነካውም። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምስጡ ስሚንቶ ያልለበሰ ቤት አይገባም?»

ትንሽ ሳቅ ተሰማ፤ አሁን ግን በኔ አልነበረም። አያ ቸኮል ፊታቸው ጠቆረ።

«ውሃ ከሆነ ከየት መጣ? ቆርቆሮው አያፈስም።»

«ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው። በየክረምቱ ግድግዳው እንዲጠና እያልን አፈር እናስታቅፈዋለን። አሁን የውጪው አፈር ከቤቱ ወለል በልጧል። ውሃው ከሥር ይገባል፤ ጭቃ ቢሆን ፀሐይ ሲወጣ ይደርቅ ነበር። ስሚንቶው አላስወጣውም አለ። ትኩስ እንጀራ በፌስታል ቢቋጠር ምን ይሆናል? ያልበዋል፣ ይሻግታል። ይሄም ግድግዳ ፌስታል ለብሷል።»

አስማማው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ የእናቴን ቤት የጎዳሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለ።

ለስለስ አድርጎ መመለስ ይቻል ነበር። እኔ ግን «አዎ። አንተና አያ ቸኮል» አልሁት። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

አስማማው ሄዶ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ «ከነገ ወዲያ ከቀትር በፊት መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ። «እስከዚያ ድረስ ቋሚው ደኅና መሆኑን አሳይኝ። ደኅና ከሆነ እናቴ ትቀመጥ። ካልሆነ ይዣት እሄዳለሁ፤ አንቺም ከእንግዲህ በሰው ቤት አፍሽን አትከፍችም።»

«እሺ» አልሁ።

እማማ ውዴ ወደ እሳቸው እንድጠጋ በእጃቸው ጠሩኝ። «ይታይሽ፣ ልጄ፣ ታውቂዋለሽ ወይስ ትገምቻለሽ?»

«እገምታለሁ።»

«እንግዲያስ ገምቺው» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

አያ ቸኮል ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ወፍራም እንጨት አምጥተው ግድግዳውን ደገፉት። «ለሷ ብዬ አይደለም። ለእርስዎ ነው» አሏቸው እማማን፣ እኔን ሳያዩ።

ሰው ሲበተን እናቴ «ነገ ማርያም ናት፤ አስበሽዋል?» አለችኝ። አላሰብሁትም። እኛ አገር በማርያም ቀን መሬት አይቆፈርም፤ ዶማ ያነሳ ሰው ሰፈሩ በረዶ የወረደ እንደሆነ በሱ ነው የሚያላክከው። ስለዚህ ሁለት ቀን ብዬ የተቀበልሁት ያ ከሰዓት በኋላና የመጨረሻው ጠዋት ብቻ ሆነ።

ወዲያው ገባሁበት። ከምሥራቁ ማዕዘን ጀምሬ ግድግዳው የታቀፈውን አፈር እየናድሁ ወደ ኋላ መጣል ያዝሁ። መጀመሪያ ግን እዚያ ሥር የተተከለውን ጎመን መንቀል ነበረብኝ። ሦስተኛውን ስነቅል እጄ ቆመ። ያን ጎመን እዚያ ያስተከልሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት «የዕቃ እጣቢው ለምን በከንቱ ይፈሳል፣ ግድግዳው ሥር ጎመን ይተክሉና እዚያ ይድፉት» ብዬ እማማን የመከርሁ እኔ ነኝ። እሳቸውም አምነውኝ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ ሲያጠጡት ከርመዋል፤ ጎመኑንም ግድግዳውንም።

አያ ቸኮል ረስተውት የሄዱትን መዶሻ ሊወስዱ ተመልሰው ነበር። ባልናገር ማንም አያውቅብኝም።

«አያ ቸኮል» አልሁ። «ይሄን ጎመን እዚህ ያስተከልሁት እኔ ነኝ። እጣቢውንም ያስደፋሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሁለታችሁ አይደለም፤ የሦስታችን ነው።»

መዶሻቸውን እንደያዙ አዩኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«የሦስታችን» አሉ። ከዚያ በመዶሻው እጀታ ወደ መሬቱ አመለከቱ። «ቦዩን ግድግዳው ሥር አታድርጊው። የቆርቆሮው ጠብታ የሚያርፍበት ላይ ይሁን። ቁልቁለቱን ከጓሮው ግርጌ ወዳለው ጌሾ ስጪው።» ሄዱ።

እስኪመሽ ግማሹን አደረስሁ። አፈሩን ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ፣ ጠብታው በሚያርፍበት መስመር ቦይ ቀደድሁ። የቀረው ግማሽ እንደታቀፈ አደረ።

የማርያም ዕለት የቀኑን ርዝመት አትጠይቁኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማርያም ጠበል ጠዲቅ እኛ ቤት ነበር፤ ሰው ሞልቷል። እኔ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ወደ ስምንት ሰዓት ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ መጣ። ሁሉም ወደ ውስጥ ሲጠጋ እኔ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፤ ማየት አልተከለከለ።

እማማ ጓሮ ቆሜ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባልተቆፈረው በኩል ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ አፈሩ ላይ ያርፍና ወደ ግድግዳው ይመለሳል። እዚያ ይቋጠራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ ይጎድላል። ወደ ውጪ የሚሄድ የለም፤ ግድግዳው ነው የሚጠጣው። በተቆፈረው በኩል ያው ቆርቆሮ፣ ያው ዝናብ፣ ውሃው ግን ቦዩ ውስጥ ወድቆ እየተንፎለፎለ ወደ ጌሾው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ አካፋ አፈር ነው።

ተመልሼ በሩ ላይ ቆምሁና «ኑና እዩ» አልሁ። መጀመሪያ እናቴ መጣች፤ ቀጥሎ ያቺ ቡዳ ያለችኝ ጎረቤት ራሷ ላይ ፌስታል አድርጋ። አንድ በአንድ ሁሉም ወጣ። አያ ቸኮል ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን በልስኑና በአፈሩ መካከል ሰደዱት። ጣታቸው እስከ መገጣጠሚያው ገባ።

«አርባ ዓመት ቤት ስሠራ» አሉ ማንንም ሳያዩ፣ «ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ነው የምሮጥ። ቆሜ አይቼው አላውቅም።»

ያን ሲሉ ያሸነፍሁ መሰለኝ። ቶሎ ግን ራሴን ያዝሁ። ውሃ መሆኑ ታወቀ እንጂ ቋሚው ደኅና መሆኑ ገና አልታወቀም። ምስጥ ቢበላው ውሃ ቢያበሰብሰው ለእማማ ውዴ ልዩነት የለውም፤ ቡሬ መሄዳቸው አይቀርም። ዕቃቸውን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅልለው እኛ ቤት አስቀምጠዋል።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ የቀረውን አፈር ናድሁት። አያ ቸኮል ሳይጠሩ መጡ፣ መሮና መዶሻ ይዘው። ሰላምታ ሰጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ቀስ ብለሽ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚነሣው።»

ልስኑን ከጉልበት በታች መምታት ጀመርሁ። አንዱ ቅርፊት ተነሣ፣ ሁለተኛው ተነሣ። ሦስተኛው ላይ መዶሻዬን ሳሳርፍ ግድግዳው አቃሰተ። የልስኑ ገበታ ከወገብ በላይ ድረስ እንዳለ ተላቅቆ ወረደ፤ ከኋላው ያለው ርጥብ ጭቃ ተከትሎት ተዘረገፈ። ሰው ወደ አጥሩ ሸሸ። በር የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተና የእማማ አልጋ እግር ታየን። እማማ ውዴ ቆመው በነበሩበት ተቀመጡ፣ ጭቃው ላይ። ያን ጊዜ የአስማማው አይሱዙ ከበር ላይ ጥሩምባ ነፋ።

አስማማው ገብቶ ቀዳዳውን አየ። ቀጥሎ ጭቃው ላይ የተቀመጡትን እናቱን አየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀዳዳው ውስጥ አንድ ቋሚ ይታያል፣ ባሕር ዛፍ ነው። በመሮ ነካሁት፤ እንደራሰ ዳቦ ተቆርሶ መጣ። ቀጣዩም ባሕር ዛፍ፤ እሱም ተቆርሶ መጣ። አያ ቸኮል አዩኝ። የእማማን ቤት በገዛ እጄ ከፍቼ ለቡሬ መኪና ያስረከብሁ መሰለኝ።

አያ ቸኮል መሮውን ከእጄ ወሰዱ። ጎንበስ ብለው ከሁለቱ አልፎ ያለውን ጭቃ ጫር ጫር አደረጉ። ወፍራም፣ ጠማማ፣ ጥቁር እንጨት ወጣ። ወደ ታች እየጫሩ እግሩ ድረስ ደረሱ። እግሩ ከሰል መስሏል።

«ወይራ» አሉ።

በመዶሻቸው መቱት። ኳ አለ። ደረቅ፣ የጠና ድምፅ። አንድ ክንድ ያህል አለፉና ጭቃውን ጭረው ሌላ መቱ። ኳ። ማዕዘኑን መቱ። ኳ። ሰው ከአጥሩ እየተመለሰ ነው። አምስት መቱ፤ አምስቱም ያው ድምፅ ሰጡ።

እማማ ውዴ ከተቀመጡበት ተናገሩ። «ሟቹ ባሌ ነው የለበለበው፣ እንዳይበሰብስ። እግሩን በእሳት ሳይለበልብ ቋሚ አያቆምም ነበር። ጎረቤት ቤቱን ሲያቃጥል ዋለ ብሎ ስቆበታል። እነዚያ ባሕር ዛፎች ኋላ መስኮት ስናስወጣ የገቡ ናቸው፤ ጣሪያውን አልተሸከሙም።»

አያ ቸኮል ጉልበታቸው ጭቃ እንደሆነ ቀና አሉ። መሮውን መለሱልኝ። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ በደንብ ጮክ ብለው፣

«ቀጥሎ የቱን ላንሣ?» አሉኝ።

አርባ ዓመት ቤት የሠሩ ሰው፣ እኔን።

«የመስኮቱን ሥር» አልሁ።

የመኪናው ሾፌር ገብቶ «ዕቃው የታለ?» ሲል አስማማው «የሚጫን ዕቃ የለም» አለው። ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና የወደቀውን ስሚንቶ ማንሣት ጀመረ። ሊጥለው ወደ በር ሲያወጣ እናቱ ከለከሉት። «ወዴት? ልጄ ያመጣልኝ ነው። ከደጃፌ እስከ ማድ ቤት ጭቃ ነው፣ እዚያ አንጥፍልኝ።» ሰባራውን ሁሉ እየገጣጠመ አነጠፈው። ዛሬም እማማ በክረምት ጫማቸው ሳይቆሽሽ ማድ ቤት ይገባሉ። አይሱዙው ባዶውን ወደ ቡሬ ተመለሰ፤ እማማ በዚያው ቀን ሁለቱን ማዳበሪያ ከኛ ቤት አስመልሰው ማድ ቤታቸው ገቡ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ።

ሌላው ሥራ ነው። አያ ቸኮል ሁለቱን ባሕር ዛፎች አወጡና በምትካቸው እግሩ የተለበለበ ቋሚ አቆሙ። በቀሩት ግድግዳዎች ያለውንም ስሚንቶ አነሣን። መስከረም ፀሐዩ ሲወጣ ቤቱን እንደተራቆተ ተውነው፤ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን፣ በየቀኑ እየረገጥን እስኪሸት አቆየነው፤ ከዚያ መረግነው። በጥቅምት እማማ ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

አሁን ለእናንተ፣ ይህን ለምታነቡት። ቤታችሁን ላሻሽል ብላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ምንም አትግዙ። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ቤታችሁን አንድ ጊዜ ዙሩት፤ ውሃው የት እንደሚያርፍ፣ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ግድግዳችሁ አፈር ታቅፎ ከሆነ አፈሩን ከወለሉ በታች አውርዱት። ቦዩ የቆርቆሮው ጠብታ በሚያርፍበት ይሁን፣ አያ ቸኮል እንዳሉት። ጎመኑንም ቃሪያውንም ከግድግዳ ሁለት እርምጃ አርቁት፤ የዕቃ እጣቢ ለጌሾ ነው፣ ለግድግዳ አይደለም። ስሚንቶን አልጠላም፤ ድንጋይና ብሎኬት ላይ ጥሩ ነው። ጭቃ ቤት ግን መተንፈስ አለበት፣ ጭቃ ቤትን ጭቃና እበት አያሳፍረውም። ልጃችሁ ስሚንቶ ላስለስን ካላችሁ በዚያው ገንዘብ አሸንዳ ይግዛላችሁ።

እኔን የለወጠኝ ማሸነፌ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማሸነፉ ይጣፍጣል፤ ለትሕትና ብዬ አልዋሽም፣ ያን ሳምንት በሰፈራችን አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የሄድሁት። ግን ያ ጎመን አለ። ከዚያ በፊት በየጓሮው የተናገርሁትን ተመልሼ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ተናግሬ እወጣለሁ፣ በቃ። አሁን የመከርሁበት ቤት ክረምት ሲገባ ተመልሼ እሄዳለሁ። ያበላሸሁትም ካለ እኔው እቆፍረዋለሁ። ምላሴ አልተቀየረም። ደምበጫ ላይ አንድ ሰውዬ «ሰው አትፈሪም?» አለኝ፤ ግድግዳውን አሳየሁት። ከአያ ቸኮል ጋር ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ እሳቸው እንጨቱን፣ እኔ ውሃውን።

ይህን እየጻፍሁ አያ ቸኮል ከበር ጠሩኝ። ጋሪ አቁመዋል።

«ከሽንዲ አንዲት መምህርት ግድግዳዬ አበጠ ብላ ላከች።»

«ስሚንቶ ነው?»

«ስሚንቶ ነው።»

«ማን ለሰነው?»

አያ ቸኮል የፈረሱን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። «እኔ» አሉ።

ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።